በጾምም በፍስክም የሚዘልቅ አመጋገብ፦ በጎጃም ገበታ ክብደት ለመቀነስና የቀነሱትን ለመጠበቅ የሚረዳ መመሪያ

በጎጃም ገጠር ከበሬ ኋላ ሲሄድ የሚውል አባት የሚበላው እንጀራና በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ልጁ የሚበላው እንጀራ መጠኑ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። አባት ሲያርስ፣ ሲያጭድና እህል ተሸክሞ ገበያ ሲወርድ የሚያወጣውን ጉልበት ልጁ በባጃጅ እየተመላለሰ ስለማያወጣው፣ ከሚያስፈልገው በላይ የበላው ስብ ሆኖ በወገቡ ዙሪያ ይቀመጣል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንደዚህ ኑሯቸው ተለውጦ ገበታቸው ላልተለወጠ ሰዎች ነው። የሚነሣውም ከአንድ እምነት ነው፤ የቀነሱትን ክብደት ይዞ መቆየት ክብደቱን ከመቀነስ ይበልጥ ስለሚከብድ፣ ዛሬ የሚመርጡት አመጋገብ ከአምስት ዓመት በኋላም ከቤተሰብዎ ጋር ተቀምጠው፣ በጾምም በፍስክም ሊበሉት የሚችሉት መሆን አለበት።

መመሪያው ለጤነኛ አዋቂዎች የቀረበ ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎችና ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ ሊጀምሩት አይገባም። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ምግብ ሲቀንሱ የደማቸው ስኳር አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ስለሚችል፣ የመድኃኒታቸው መጠን አስቀድሞ መታየት አለበት። ሳይፈልጉትና ሳይሞክሩት ክብደቱ የሚቀንስ ሰው ካለ፣ ያ ሰው የሚያስፈልገው የአመጋገብ መመሪያ ሳይሆን ምርመራ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታና የእንቅርት ዕጢ መታወክ ሰውን የሚያከሱ በሽታዎች ናቸውና።

አንደኛ፦ ይለኩ፣ ግብዎንም በልክ ያድርጉ

ክብደትዎን በኪሎ ግራም፣ ቁመትዎን በሜትር ይለኩ። ቁመትዎን በራሱ ያባዙና ክብደትዎን ለውጤቱ ያካፍሉ። ለምሳሌ ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 82 ኪሎ የሆነ ሰው 82ን ለ2.72 ሲያካፍል ወደ 30 ይደርሳል። ውጤቱ ከ18.5 እስከ 24.9 ከሆነ ክብደቱ መጠነኛ ነው፤ ከ25 እስከ 29.9 ከሆነ ከመጠን ያለፈ ነው፤ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ውፍረት ይባላል። ቀጥሎ ወገብዎን ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል በሜትር ይለኩ። የወገብዎ ዙሪያ ከቁመትዎ እኩሌታ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለዚያው ሰው ይህ ማለት 82 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሆድ ውስጥ የሚከማች ስብ ለስኳርና ለልብ በሽታ የበለጠ ስለሚያጋልጥ፣ ከሚዛኑ ይልቅ ለወገብዎ ልኬት ትልቅ ቦታ ይስጡ።

የመጀመሪያው ግብ አሁን ካለዎት ክብደት ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ መቀነስ ይሁን። 82 ኪሎ ለሚመዝነው ሰው ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ነው። «ያን ያህል ብቻ?» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው ከመቶ 7 እጅ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ሲታገዙ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 58 እጅ መቀነሱን አሳይቷል። ፍጥነቱ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ቢሆን በቂ ነው። ከዚያ በላይ በፍጥነት የሚወርድ ክብደት ከስቡ ጋር ጡንቻንም ይዞ ይሄዳል።

በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱና ከመፀዳጃ ቤት መልስ፣ በአንድ በማይቀየር ሚዛን ይመዘኑ። ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ የፋርማሲ ወይም የጤና ጣቢያ ሚዛን ይበቃል፤ ዋናው ነገር ሚዛኑን አለመለዋወጥ ነው። ጨው የበዛበት ወጥ ከበሉ በማግስቱ ሚዛኑ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ የጨመረው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ምንም ሳይቀይሩ ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ

ደብተር ያዘጋጁና የሚበሉትንና የሚጠጡትን ሁሉ፣ ጉርሻውንና የቡና ቁርሱን ሳይቀር፣ በበሉበት ሰዓት ይጻፉ። ሳምንቱ ቢያንስ አንድ የጾም ቀን፣ አንድ የፍስክ ቀንና አንድ እንግዳ ያለበት ወይም ሰንበቴ የሚኬድበት ቀን ያካተተ ይሁን። ማታ ደብተሩን ሲያነቡ ሦስት ነገር ይፈልጉ፤ ሳይርብዎት የበሉበትን ሰዓት፣ የጠጡትን ጣፋጭና አልኮል፣ እንዲሁም ከገበታ ውጭ የተቆነጠሩ ምግቦችን። ብዙ ሰዎች በማዕድ ላይ የሚበሉትን በደንብ ያስታውሳሉ፤ ወጥ ሲቀመስ፣ የልጅ ትራፊ ሲነሣና ቡና እየተጠጣ ቆሎ ሲዘገን የገባውን ግን አያስታውሱም።

ሦስተኛ፦ የሚዘልቁበትን መንገድ ይምረጡ

የስብ መጠን የሚቀንስ፣ እንጀራና ዳቦን የሚቀንስ፣ የመብያ ሰዓትን የሚያሳጥርና ሌላም ብዙ ዓይነት አመጋገብ ይነገራል፤ እያንዳንዱም ብቸኛው እውነተኛ መንገድ እንደሆነ ተደርጎ ሲቀርብ እንሰማለን። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 609 አዋቂዎችን በሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ቅባት አሳንሶ፣ ግማሾቹን ዳቦና መሰል ምግቦችን አሳንሶ ለአንድ ዓመት የተከታተለው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት በሁለቱ ቡድኖች አማካይ ውጤት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ሁለቱም በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ በየቡድኑ ውስጥ ግን ብዙ ኪሎ የቀነሱም፣ የጨመሩም ነበሩ። ስለዚህ ከአመጋገቡ ስም ይልቅ ሰውየው በአመጋገቡ መዝለቅ መቻሉን መመርመር ይገባል።

በእኔ አስተያየት እንጀራን ጨርሶ መተው ለጎጃም ቤተሰብ የሚመከር መንገድ አይደለም። አንድ ገበታ ተከቦ በሚበላበት ቤት እንጀራ የተወ ሰው ከምግቡ ብቻ ሳይሆን ከማዕዱም ይነጠላል፤ እንደዚያ ያለ ኑሮ ጥቂት ሳምንታት ይገፋ ይሆናል እንጂ ዓመታት አይገፋም። የመብያ ሰዓትን ማሳጠርም ብቻውን ተአምር አይሠራም፤ በጥናት ሲታይ የሚያከሳው በአጠቃላይ የተበላው ምግብ ሲያንስ እንጂ ሰዓቱ ስለተቀየረ አይደለም። በቀን እስከ 800 ካሎሪ (ካሎሪ ምግብ የሚሰጠው ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ብቻ የሚፈቅደው ጥብቅ አመጋገብ ለአንዳንድ የስኳር ሕሙማን ትልቅ ጥቅም እንዳለው የታወቀ ቢሆንም፣ በሐኪም ክትትል ሥር ካልሆነ በቤት የሚሞከር አይደለም። በየከተማው ለማቅጠኛ የሚሸጡ ሻዮችን በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጡ ዕፆች ስላሉባቸው የሚያስወጡት ውኃን ነው። ሎሚ በሙቅ ውኃ መጠጣት አይጎዳም፤ ስብ ግን አያቀልጥም።

ከዚህ በታች የቀረበው መንገድ የቤቱን ምግብ ሳይቀይር አሠራሩንና መጠኑን የሚቀይር ነው።

አራተኛ፦ ከዘይትና ከቅቤ ይጀምሩ

አንድ እርምጃ ብቻ ውሰዱ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስታርች ደግሞ 4 ካሎሪ ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት የሚሰጠው ጉልበት 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከሚሰጠው ጋር ተቀራራቢ ነው። እንጀራው ሆድ ሲሞላ ይታወቃል፤ በወጡ ውስጥ የተደበቀው ዘይት ግን ሆድ ሳይሞላ ያልፋል።

ዘይት በቤትዎ ምን ያህል እንደሚያልቅ ለማወቅ ጄሪካኑን በከፈቱበት ዕለት ቀኑን በላዩ ላይ ይጻፉ፤ ሲያልቅም ቀኑን ይመዝግቡ። አራት ሰው ያለበት ቤት በአንድ ወር 5 ሊትር የሚጨርስ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ ወደ 345 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። ወደ 3 ሊትር ቢወርድ ይህ ቁጥር ወደ 207 ዝቅ ይላል፤ ማንም ሰው አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀንስ በየቀኑ ወደ 140 ካሎሪ ተቀነሰ ማለት ነው።

ወጡን በሚከተለው መንገድ ይሥሩ። የተከተፈውን ሽንኩርት ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ላይ ማቁላላት ይጀምሩ፤ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ትንሽ ትንሽ ውኃ ጠብ እያደረጉ ሽንኩርቱ በደንብ እስኪበስልና እስኪላቁጥ ድረስ ያማስሉት። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና በርበሬውን ጨምረው በውኃው እየረዱ ያብስሉት። ዘይቱን ከዚህ በኋላ፣ ለአንድ ሰው ለአንድ ማዕድ ሁለት የሻይ ማንኪያ አድርገው በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ። ከጄሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት ማንቆርቆር መቆም አለበት፤ ዓይን ዘይትን አሳንሶ ነው የሚለካው። ሽሮና ምስር ሽንኩርታቸው በትዕግሥት ከተቁላላ በዚህ መጠን ጣዕማቸው አይጓደልም። ጎመን ከሆነ አስቀድሞ ቀቅሎ ውኃውን መጭመቅና በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ማብሰል ይበቃል።

በፍስክ ጊዜ የዘይቱን ቦታ ንጥር ቅቤ ይወስዳል። ንጥር ቅቤ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ቅባት በመሆኑ በካሎሪ ከዘይት አይተናነስም፤ ከዘይት በላይ ቅቤ መደረብ ደግሞ ሂሳቡን እጥፍ ያደርገዋል። ጥሩ ቅቤ መዓዛው ብርቱ ስለሆነ፣ ወጡ ከእሳት ሲወጣ የሚጨመር አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከተቁላላ ብዙ ቅቤ ይልቅ መዓዛው ይሰማል። የኑግና የሱፍ ዘይት ከሚረጋው ዘይት ይልቅ ለልብ ይሻላሉ፤ በካሎሪ ግን ሁሉም እኩል ናቸው። «የኑግ ነው» ብሎ አብዝቶ ማፍሰስ ሌላው ዘይት የሚያወፍረውን ያህል ያወፍራል።

አምስተኛ፦ የእንጀራን መጠን ለእርስዎ ብቻ የተለየ ያድርጉ

በጋራ ገበታ ሲበላ የራስን መጠን ማወቅ አይቻልም፤ እንጀራው ሲሳሳ ሌላ ይደረባል፣ ወሬው ሲደምቅ እጅም አብሮ ይደምቃል። ገበታውን ሳይለቁ መጠንዎን ለመያዝ፣ ከመጀመርዎ በፊት ድርሻዎን በፊትዎ ይጠቅልሉ፤ ተደራቢ ሲመጣ ከእሱ አይቁረሱ። አሁን በአንድ ማዕድ ሁለት እንጀራ የሚበሉ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ወደ አንድ ተኩል፣ ከዚያም ወደ አንድ ይውረዱ። ከመጀመሪያው ቀን ወደ ግማሽ መውረድ ማታ ላይ በረሃብ አስሸንፎ ሌላ ነገር ያስበላል።

ከእንጀራው የተቀነሰውን ቦታ ባዶ አይተዉት። ከገበታው እኩሌታ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ዱባ፣ ቀይ ሥርና ቲማቲም ያለበት ይሁን፤ ሩቡ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ ወይም ሥጋ፣ ሩቡ ደግሞ እንጀራ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል፤ ጎመኑ ከገበታው ዳር በጭልፋ አንድ ጉርሻ ያህል የሚቀመጥ ከሆነ ይህ መጠን አይሟላም። ድንች በዚህ ሂሳብ ከአትክልት ሳይሆን ከእንጀራው ጎን ይቆጠራል፤ ድንች በብዛት በሚበላባቸው በሰከላና በእንጅባራ አካባቢ ይህን ማስተዋል ይጠቅማል።

ነጭ ጤፍ፣ ቀይ ጤፍ፣ ዳጉሳ ወይም በቆሎ የተቀላቀለበት ዱቄት በካሎሪ ያን ያህል አይለያዩም። ከቢቸና ነጭ ጤፍ ወደ ዳጉሳ ድብልቅ በመሄዱ ብቻ የሚከሳ ሰው የለም። ዳቦና ቂጣም እንደ እንጀራው በመጠን የሚያዙ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ፍርፍር ነው፤ እንጀራው ዘይትና ቁሌት ጠጥቶ ስለሚለሰልስ አንድ ሰው ሳያውቀው ሁለት እንጀራ ሊጨርስ ይችላል። ጠዋት ፍርፍር የሚያዘወትር ሰው በሳምንት ሦስቱን ቀን በቅንጬ፣ በንፍሮ ወይም በተቀቀለ እንቁላል ቢቀይረው ለውጡ በሚዛን ላይ ይታያል። በሶ መልካም ምግብ ነው፤ በስኳርና በዘይት ሲታሽ ግን ሌላ ምግብ ይሆናል፤ በጨውና በሚጥሚጣ የተበጠበጠው ይመረጣል።

ስድስተኛ፦ የሚያጠግበውን ያብዙ፤ ጥራጥሬ፣ ግብጦና ዓሣ

ፕሮቲንና አሰር ያለው ምግብ ቶሎ ያጠግባል፤ ጡንቻም ከስቡ ጋር አብሮ እንዳይሄድ ይረዳል። በዚህ በኩል ጎጃም የታደለ አገር ነው። ባቄላው፣ አተሩ፣ ሽምብራውና ምስሩ በየገበያው አለ፤ በአዊና በምዕራብ ጎጃም ደግሞ ግብጦ አለ። ግብጦ ከደረቅ ክብደቱ ከሲሶ በላይ ፕሮቲን ያለው እህል ነው፤ ሆኖም የሚመረው መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለበት ነውና ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ፣ ከዚያም ምሬቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ለበርካታ ቀናት ውኃው እየተቀያየረ ሊዘፈዘፍ ይገባል። ይህን ሥራ የቤቱ እናቶች አሳምረው ያውቁታል፤ እኔም የምጨምረው፣ ቀምሰው የሚመር ግብጦ ለማንም እንዳይሰጡ ብቻ ነው። በትክክል የተዘጋጀ አንድ እፍኝ ግብጦ ከሰዓት በኋላ ለሚመጣ ረሃብ ከብስኩት በእጅጉ ይሻላል። ጓያን በተመለከተ፣ ለወራት ዋነኛ ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስላለበት፣ ርካሽና አጥጋቢ ነው ተብሎ ለማቅጠኛ ሊዘወተር አይገባም።

የስንዴና የገብስ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ሱፍ ጤናማ ቢሆኑም በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት የሚሰጡ ናቸው። ሰፌዱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ከመዝገን ይልቅ አንድ እፍኝ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ለይቶ ቀሪውን ማንሣት ይበቃል።

በፍስክ ቀን ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ነዋሪዎች ከዓሣ የተሻለ ምግብ አላውቅም። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ተሠርቶ በጉላሽ መልክ ሲበላ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ካሎሪው ጥቂት ነው፤ ያው ዓሣ ዱቄት ተነስንሶበት በዘይት ውስጥ ሰጥሞ ሲጠበስ ግን ይህን ጥቅሙን ያጣል። እንቁላል፣ እርጎና አይብም በፍስክ ጥሩ አጋሮች ናቸው። ክትፎና ዝልዝል ጥብስ ቅቤያቸው በዝቶ ስለሚቀርብ ለበዓል ቢተዉ ይሻላል።

የታሸገና በፋብሪካ የተዘጋጀ ምግብ ቤት ውስጥ ባይቀመጥ ይመረጣል። ኬቨን ሆል የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 20 ሰዎችን በአንድ ተቋም አስቀምጦ ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እንደልባቸው እንዲበሉ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ሰዎቹ የተቀነባበረውን በሚበሉበት ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ የሚጠጋ ብልጫ ያለው ምግብ በልተዋል። ብስኩት፣ ቺፕስና ለልጆች እየተባለ የሚገዛ ጣፋጭ ለአዋቂውም እጅ ቅርብ ነው።

ሰባተኛ፦ የሚጠጡትን ይቁጠሩ

በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምርና በቀን አራት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ስኳር፣ ማለትም ወደ 190 ካሎሪ ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ከ5 እጅ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ ከ50 እና ከ25 ግራም ጋር እኩል ነው። ስኳሩን በየሁለት ሳምንቱ በግማሽ የሻይ ማንኪያ ቢቀንሱት ምላስ ሳይታወቀው ይለምዳል። የጎጃም ማር ከስኳር የተሻለ መዓዛና ጣዕም አለው፤ በዚህ ሂሳብ ግን እንደ ስኳር ይቆጠራል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል፤ በጭማቂ ቤቶች የሚቀርበው ስኳር የተጨመረበት የአቮካዶ ጭማቂ ደግሞ በካሎሪው የአንድ ማዕድ ያህል ሊሆን ይችላል።

አልኮል በአንድ ግራም 7 ካሎሪ አለው። አንድ ጠርሙስ ቢራ ወደ 140 ካሎሪ ይሰጣል፤ ጠጁ ደግሞ ከአልኮሉ ሌላ የማሩ ቅሪት አለበት፤ አረቄውም በትንሽ መለኪያ ብዙ አልኮል የያዘ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጎዳው አልኮል ከገባ በኋላ የሚበላው ጥብስ መጠን የለሽ መሆኑ ነው። ቡና ያለ ስኳር ቢጠጡት ከክብደት አንጻር የሚያሳስብ ነገር የለበትም።

ስምንተኛ፦ ዓመቱን በጾምና በፍስክ ከፍለው ያቅዱ

ብዙ ምእመናን በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ክብደት ይቀንሳሉ፣ ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ደግሞ ይመልሱታል፤ አንዳንዶችም በጾሙ ውስጥ ሳይቀር ይጨምራሉ። ጾም መንፈሳዊ ሥርዓት ነውና ለማቅጠኛ ተብሎ ሊጾም አይገባም፤ የሚጾም ሰው ግን ማዕዱን በማስተዋል ቢያዘጋጅ ጾሙ አይጓደልበትም።

በጾም ወራት ክብደት የሚጨምረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሥጋና ወተት ሲወጡ ዘይት ተክቷቸው መግባቱ ነው፤ ሳምቡሳ፣ ጥብስ ድንች፣ ቦምቦሊኖና ዘይት የሞላበት ፍርፍር ጾም ናቸው፤ ቀላል ምግብ ግን አይደሉም። ሁለተኛው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተጹሞ ሲገደፍ በጥድፊያ መበላቱ ነው። ስለዚህ ሲገድፉ በመጀመሪያ ውኃ ይጠጡ፤ ቀጥሎ ጎመን፣ የአትክልት ሾርባ ወይም ንፍሮ ይቅመሱ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ወደ እንጀራው ይሂዱ። የማታውን ማዕድ ከመኝታ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ይጨርሱ። በረመዳን የሚጾሙ ሙስሊም ወገኖቻችንም በኢፍጣር ጊዜ ከአንድ ሁለት ተምርና ከውኃ በኋላ ሾርባውን አስቀድመው፣ ሳምቡሳውን በቁጥር ቢይዙት ያው ጥቅም ያገኛሉ። ረጅሙን የጾም ወቅት በሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ የሚያሳልፍ ሰው በፍስክ ወራት እንቁላል፣ ወተትና ዓሣ ሳያጓድል ቢበላ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት የሚያገኘው ዕድል ይቀንሳል።

ሃምሳው ቀን በዓመቱ ውስጥ እጅግ የሚያሰጋው ወቅት ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾሙ ማረፊያ የለውም። የትንሣኤን ዕለትና ማግስቱን ከቤተሰብዎ ጋር በደስታ ይብሉ፤ እነዚያን ቀናት ለመቁጠር አይሞክሩ። ከዚያ በኋላ ግን በሳምንት ሁለት ምሳ ሽሮ ወይም ምስር እንዲሆን ያድርጉ። ይህ በሃምሳው ቀን መጾም አይደለም፤ ሽሮ በፍስክም የሚበላ ምግብ ነውና። በእነዚህ ሰባት ሳምንታት በየሳምንቱ መመዘንን ከምንጊዜውም ይልቅ አያቋርጡ።

ዘጠነኛ፦ ድግስና የቤት ሰው

ወደ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር ወይም ማኅበር ሲሄዱ ተርበው አይሂዱ፤ ከቤት ሲወጡ አንድ ሳህን ጎመንና ጥራጥሬ ይብሉ። ጋባዧ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ብላ ስታጎርስ የመጀመሪያውን ጉርሻ በአክብሮት ይቀበሉ፤ እምቢ ማለት ያስቀይማልና። ለሁለተኛው «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ጠግቤአለሁ፤ ይልቅ ቡናውን አብረን እንጠጣ» ብሎ እጅን መታጠብ የተከበረ መልስ ነው፤ የታጠበ እጅ ሲታይ የሚያስገድድ ሰው ጥቂት ነው።

ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራው ሌላ ሰው ከሆነ ከእርሱ ወይም ከእርሷ ጋር ሳይመካከሩ አይጀምሩ። ለአንድ ሰው የተለየ ድስት መጣድ ሥራውን በሠሪዋ ላይ ያበዛል፣ ውሎም ሳያድር ይቀራል። የቤቱ ድስት በሙሉ ዘይቱ ቢቀንስ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ለሚያድጉ ልጆች ደግሞ ወጡ ከቀረበ በኋላ በሳህናቸው ላይ ቅቤ ወይም ዘይት መጨመር ይቻላል።

ዐሥረኛ፦ የቀነሱትን ይጠብቁ

ክብደት የቀነሰ ሰውነት ወደ ቀድሞው መመለስ ይፈልጋል። ቀለል ያለ ሰውነት የሚያቃጥለው ጉልበት ያንሳል፤ ረሃቡም ይጨምራል። በአውስትራሊያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ የረሃብና የጥጋብ ስሜትን የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖች ክብደት ከተቀነሰ ከአንድ ዓመት በኋላም ወደ ነበሩበት እንዳልተመለሱ አሳይቷል። ስለዚህ የቀነሰው ክብደት ተመልሶ መጣ ማለት ሰውየው ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ ሊደርስ የሚችለውን አስቀድሞ የሚጠብቅ ዝግጅት ግን ያስፈልገዋል።

ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ሚዛኑ በአንድ ቦታ መቆሙ የተለመደ ነው። በዚያን ጊዜ ምግቡን ይበልጥ ማሳነስ ሳይሆን የደረሱበትን ክብደት ለጥቂት ወራት ይዞ መቆየት ይሻላል፤ መቀጠል ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይቀጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተቋቋመው፣ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከአንድ ዓመት በላይ የጠበቁ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ እንደሚያሳየው፣ አብዛኞቹ ቁርስ ይበላሉ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ፣ በቀን አንድ ሰዓት ያህልም ይንቀሳቀሳሉ። ክብደት በመቀነሱ ሂደት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ምግብ ሲሆን፣ የተቀነሰውን በመጠበቁ ሂደት እንቅስቃሴ ድርሻው ይጎላል። በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል፤ በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ መንገድና ብስክሌት፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም ከባጃጅ ሁለት ማቆሚያ ቀደም ብሎ መውረድ ወጪ የሌለበት መንገድ ነው።

ከሁሉ በፊት የማንቂያ መስመር ያስምሩ። ቀንሰው የደረሱበትን ክብደት በደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፉና ከእሱ በላይ 2 ኪሎ ሲጨምር፣ ለሁለት ተከታታይ ሳምንታትም ሳይወርድ ሲቀር፣ ወደ ሁለተኛው እርምጃ ተመልሰው ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ። በመጀመሪያ የዘይቱን ጄሪካን ቀን ይመልከቱ፤ ቀጥሎ የሻዩን ስኳር፣ ከዚያም የእንጀራውን መጠን ይፈትሹ። ከሦስቱ አንዱ ሳይታወቅ ወደ ቀድሞው ተመልሶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እሱኑ ብቻ ማረም ይበቃል። በሁለት ወር ውስጥ ካልተስተካከለ ወደ ጤና ተቋም ሄደው የእንቅርት ዕጢዎንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ያስመርምሩ፤ አንዳንድ መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉና። በሌላ በኩል የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ ከክብደትዎ ከመቶ 5 እጅ በላይ ከቀነሱ፣ የቀድሞው መጠን ሊበዛብዎት ስለሚችል፣ ራስ ማዞርና ድካም እስኪመጣ ሳይጠብቁ ሐኪሙ መጠኑን እንዲያይልዎት ደብተሩን ይዘው ይሂዱ።